ቅጹና ጸሐፊው፦ የሕክምና መዝገብ ከኢንዲያናፖሊስ እስከ ሞሶሪዮት

በምዕራብ ኬንያ፣ ከኤልዶሬት ከተማ በስተ ደቡብ፣ ሞሶሪዮት የሚባል የገጠር ጤና ጣቢያ አለ። በፌብሩዋሪ 2001 በዚህ ጤና ጣቢያ የታካሚዎች መረጃ በኮምፒውተር መመዝገብ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በስድስት ወር ውስጥ የ6,190 ታካሚዎች 10,000 የምርመራ መዝገቦች ገቡ። ሥራውን ያከናወኑት ሰዎች ያገኙትን ውጤት በ2003 የአሜሪካ የሕክምና ኢንፎርማቲክስ ማኅበር በሚያዘጋጀው መጽሔት አሳተሙት፤ ቀዳሚው ጸሐፊ ኬንያዊው ጆሴፍ ሮቲች ናቸው።

ይህን ጥናት በ1976 ስለ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ሐኪሞች ከታተመ ሌላ ጥናት ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል። በሁለቱ መካከል 27 ዓመትና አንድ ውቅያኖስ አለ፤ ግን የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱንም በጥሞና ያነበበ ሰው፣ ሆስፒታሎች ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተሻገሩ የሚለውን የተለመደ ታሪክ እንዳለ መቀበል ይከብደዋል። በሁለቱም ቦታ ወረቀቱ አልተወገደም። የተለወጠው ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚጽፈው፣ ከተጻፈ በኋላም ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ ነው። የለውጡ ዋና ሰዎችም ሐኪሞቹና የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ቅጹን ከሐኪሙ ተቀብሎ ወደ ማሽኑ የሚያስገባው ጸሐፊ ዋና ቦታ ነበረው።

የወረቀት ካርዱም ቢሆን በጊዜው ትልቅ ማሻሻያ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ትልቅ መዝገብ ይዞ በተራ ይጽፍበት ነበር። አንድ ታካሚ ሦስት ሐኪሞች ካዩት ታሪኩ በሦስት መዝገቦች ተበትኖ ይቀራል። ዶክተር ሄንሪ ፕለመር በ1907 ይህን ለወጡት። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥር ተሰጠው፣ በቁጥሩም አንድ ማኅደር ተከፈተለት፤ ማንኛውም ሐኪም የሚጽፈው ሁሉ እዚያው ይገባል። ዛሬ በአገራችን ሆስፒታሎች ካርድ አውጥቶ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚያውቀው አሠራር በመሠረቱ ይህ ነው። ጥንካሬው የታካሚውን ታሪክ አንድ ቦታ ማሰባሰቡ ነው። ድካሙም ከዚያው ይመጣል፤ ማኅደሩ አንድ በመሆኑ አንድ ሰው እጅ ላይ ብቻ ይገኛል፣ እየወፈረ ሲሄድም በውስጡ ያለውን ነገር ለማግኘት ሁሉንም ማገላበጥ ግድ ይሆናል።

የኢንዲያናፖሊሱ ታሪክ ከአንድ ባለ ፋብሪካ ይጀምራል። ሳም ሬገንስትሪፍ በኢንዲያና ግዛት ኮነርስቪል በምትባል ከተማ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያመርቱ ነበር፤ ሀብታቸውን ያገኙት የማምረቻውን ሂደት ደረጃ በደረጃ እየመረመሩ ወጪ በመቀነስ ነው። በፋብሪካ የሠራ አስተሳሰብ በሆስፒታልም ይሠራል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው፤ በ1969 በስማቸው የተቋቋመው የምርምር ተቋምም ለዚሁ ዓላማ የቆመ ነው። ተቋሙ የሠራው በማሪዮን ካውንቲ ጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከ1975 ጀምሮ ዊሻርድ ተብሎ የተጠራው ይህ የመንግሥት ሆስፒታል የከተማዋ ድኾች የሚታከሙበት ነበር። ቦታው ለነገሩ ወሳኝ ነው። በእንዲህ ያለ ሆስፒታል አንድ ታካሚ በየቀጠሮው የሚያገኘው ሐኪም ይለያያል። ተለማማጅ ሐኪሞች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ታካሚውን ከዓመት ዓመት የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

የተቋሙ ባልደረባ ዶክተር ክሌመንት ማክዶናልድ በ1972 የኮምፒውተር መዝገቡን ሥራ የጀመሩት በስኳር በሽታ ክሊኒክ፣ በ35 ታካሚዎች ነው። መላውን ሆስፒታል በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አልተነሡም። የስኳር ሕመም ለዓመታት ክትትል የሚፈልግ፣ በየጊዜው የሚለኩ ቁጥሮች ያሉት በሽታ ነው፤ ቁጥር ደግሞ ኮምፒውተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚችለው ነገር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ታካሚው ለቀጠሮው ከመምጣቱ በፊት ኮምፒውተሩ በስሙ አንድ ቅጽ ያትማል። በቅጹ ላይ ቀደም ሲል የታወቁት ሕመሞቹ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የቅርብ ጊዜ የምርመራ ውጤቶቹ ሰፍረዋል፤ ሐኪሙ የሚሞላው ባዶ ቦታም አለ። ሐኪሙ እንደ ልማዱ በብዕር ይጽፋል። ታካሚው ሲሄድ ቅጹ ወደ ጸሐፊዎች ይመለሳል፤ እነርሱም ወደ ኮምፒውተሩ ያስገቡታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚታተመው ቅጽ ይህንኑ አዲስ መረጃ ይዞ ይወጣል። ሐኪሙ ቁልፍ መምታት አልተገደደም፤ ይልቁንም በእጁ የጻፈው ነገር ተጣርቶና ተስተካክሎ ወደ እርሱ ይመለስለት ነበር።

ይህን ምርጫ በዚያው ዘመን ከነበረ ሌላ ሙከራ ጋር ማወዳደር ይቻላል። በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሎውረንስ ዊድ ሐኪሞችና ነርሶች ራሳቸው በሚነካ ስክሪን ላይ እየመረጡ የሚመዘግቡበት ሥርዓት በ1970ዎቹ መጀመሪያ አቁመው ነበር። ዊድ የዘመናቸው ታላቅ አሳቢ ነበሩ። የታካሚ መዝገብ በችግሮቹ ዝርዝር ዙሪያ መደራጀት አለበት የሚለው የ1968 ሐሳባቸው ዛሬ በመላው ዓለም የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩት ነው። የኮምፒውተር ሥርዓታቸው ግን ሐኪሙን አካሄዱን ከሥሩ እንዲለውጥ የሚጠይቅ ስለነበር ከተወለደበት ቦታ ብዙም አልራቀም። እኔ እንደማየው ማክዶናልድ ከዊድ ያነሰ ነገር በመመኘታቸው ብዙ አገኙ።

አሁን ወደ 1976ቱ ጥናት። ማክዶናልድ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያሳተሙት ይህ ጽሑፍ ዘጠኝ ሐኪሞችን ይዟል። ኮምፒውተሩ 390 ደንቦች ተሰጥተውታል። የአንድ ታካሚ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ከታየ፣ ወይም የሚወስደው መድኃኒት ጉበቱን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ፣ ለሐኪሙ ማሳሰቢያ ያወጣል። ሐኪሞቹ ከፊሉን ጊዜ በማሳሰቢያ፣ ከፊሉን ያለማሳሰቢያ ሠሩ። ማሳሰቢያ ከወጣላቸው 327 አጋጣሚዎች በ51 በመቶው ተገቢውን እርምጃ ወሰዱ፤ ማሳሰቢያ ካልነበራቸው 385 አጋጣሚዎች ግን በ22 በመቶው ብቻ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ውጤት ነው። ጥናቱን ታላቅ የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው ነው። የሐኪሙ የሥልጠና ደረጃ ለውጥ አላመጣም፤ ከመጀመሪያው ዓመት ተለማማጅ እስከ ከፍተኛ ሠልጣኙ ድረስ ልዩነት አልታየም። ማሳሰቢያውን አስቀድሞ ያገኘና ኋላ የተነፈገው ሐኪም፣ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ከሠራው ሐኪም አልተሻለም። ማለትም ደንቡ ተምሮት የሚቀር ነገር አልሆነም። ማክዶናልድ ከዚህ ተነሥተው፣ ከስሕተቶቹ ብዙዎቹ በትምህርት ወይም በትጋት የሚታረሙ ሳይሆኑ የሰው አእምሮ ያን ሁሉ መረጃ በአንድ ጊዜ የመያዝ አቅሙ ውስን ከመሆኑ የሚመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ደመደሙ። የጽሑፉ ርእስ ራሱ ሰው ፍጹም ሊሆን እንደማይችል ይናገራል።

ሐኪሞችን በስንፍና ወይም በእውቀት ማነስ መክሰስ ቀላል በሆነበት ሙያ ይህ ትልቅ ርኅራኄ ነው ብዬ አምናለሁ። የሕክምና መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ያለበት ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄም ከቦታ ቁጠባና ከፍጥነት የተለየ መልስ ሰጠ፦ የሚረሳውን የሚያስታውስ ያስፈልጋል።

በ1980ዎቹ የዊሻርድ ሐኪሞች ራሳቸው በኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ጀመሩ። ዊልያም ቲርኒና ባልደረቦቻቸው በ1993 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ያወጡት ጥናት የዚህን ዋጋ በሁለት በኩል ለክቶ አስቀምጧል። በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚሰጥባቸው የአስተኝቶ ማከሚያ ክፍሎች ለአንድ ታካሚ የተጠየቀው ክፍያ በ12.7 በመቶ፣ ማለትም በ887 ዶላር ቀነሰ። በሌላ በኩል ተለማማጅ ሐኪሞቹ በአሥር ሰዓት የሥራ ጊዜ ውስጥ ትእዛዝ ለመጻፍ 33 ደቂቃ ተጨማሪ ፈጀባቸው፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል። ጸሐፊው ከመካከል ሲወጣ ሥራው አልጠፋም፤ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ትርፉ የሆስፒታሉ ነው፣ ድካሙ የተለማማጁ። ጥናቱ ሁለቱንም ቁጥሮች ሳይደብቅ ማስፈሩ ያስመሰግነዋል፤ ከዚያ በኋላ በየአገሩ የተነሡት የሐኪሞች ቅሬታዎች በዚህ 33 ደቂቃ ውስጥ አስቀድመው ይታያሉ።

የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ1980ዎቹ መጨረሻ በኤልዶሬት አዲስ ከተቋቋመው የሞይ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ትብብር ጀምረው ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል ጆ ማምሊንና ሮበርት አይንተርዝ ይገኙበታል። ለአሥር ዓመት ያህል ትብብሩ በመምህራንና በተማሪዎች ልውውጥ ላይ ያተኮረ ነበር። የኮምፒውተሩ ሐሳብ የመጣው በመጨረሻ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ቴሪ ሃነን ከኬንያና ከኢንዲያና ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2000 የሞሶሪዮትን ሥርዓት ንድፍ አቀረቡ። የ1993ቱ ጥናት ጸሐፊ ቲርኒም ከዚህ ቡድን ውስጥ ነበሩ።

የሞሶሪዮት ጤና ጣቢያ ከዚያ በፊት እንዴት ይሠራ እንደነበር ለመገመት ለእኛ አይከብድም። ክሊኒኩ፣ ላቦራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉም የየራሱ ትልቅ መዝገብ ነበረው። አንድ ታካሚ ባለፈበት ሁሉ ስሙና ጉዳዩ እንደገና ይጻፋል። ለጤና ሚኒስቴር የሚላከው ዘገባ ደግሞ ከእነዚህ መዝገቦች በእጅ እየተቆጠረ ይዘጋጃል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ታካሚው ፊታቸው ተቀምጦ ሳለ መዝገብ ይሞሉ ነበር፤ ያ መዝገብ ግን ታካሚው ዳግም ሲመጣ ስለ እርሱ ምንም አይነግራቸውም፤ የተጻፈው ለቆጠራ ነውና።

አዲሱ ሥርዓት የተሠራው በማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። በየቢሮው የሚገኝ ተራ የመረጃ ቋት ፕሮግራም ነው፤ በኢንዲያናፖሊስ ለሠላሳ ዓመት ከተገነባው ግዙፍ ሥርዓት ጋር አይወዳደርም። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ከአንድ በላይ መጠባበቂያ የኃይል ምንጭ ተዘጋጀለት። ከማሽኑ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ግን ቅጹ ነው። ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ የወረቀት ቅጽ ተዘጋጀ፤ በየክፍሉ ይደጋገም የነበረውን የመዝገብ ሥራ ይህ አንድ ቅጽ ተካው፤ በመጨረሻም ጸሐፊው ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባዋል። በ1972 በስኳር ክሊኒኩ የነበረው ዑደት ከነወረቀቱ፣ ከነጸሐፊው ኬንያ ደረሰ። ከዊሻርድ የ1993 ሥርዓት ይልቅ የ1972ቱ መወሰዱ ጥበብ ነበር። 33ቱን ተጨማሪ ደቂቃ የሚሸከም ሐኪም በሞሶሪዮት ከየት ይመጣል?

ውጤቱን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። ጥናቱ እንደሚለው ታካሚው በጤና ጣቢያው የሚቆይበት ጊዜ በ22 በመቶ አጠረ። ወረፋ የሚጠብቅበት ጊዜ በ38 በመቶ፣ ከጤና ባለሙያ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ደግሞ በ58 በመቶ ቀነሰ። ሠራተኞቹ ከታካሚዎች ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ በግማሽ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ጊዜ በሁለት ሦስተኛ ሲያንስ፣ ለግል ጉዳያቸው የሚያውሉት ጊዜ ጨመረ።

ንጽጽሩ ሥርዓቱ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ባለው ጊዜ መካከል የተደረገ ስለሆነ፣ ለውጡ ሁሉ የኮምፒውተሩ ነው ማለት አይቻልም። የወረፋው ጊዜ መቀነስም በስታቲስቲክስ ሲለካ ከተለመደው የ0.05 ወሰን ትንሽ አልፎ 0.06 ላይ የቆመ ነው፤ የጥናቱ አዘጋጆችም ይህንኑ አስፍረዋል። እጅግ የሚያሳስበው ግን በጣም ጽኑ የሆነው ቁጥር ነው፦ 58 በመቶው። ታካሚ ከሐኪሙ ጋር የሚሆንበት ጊዜ ከግማሽ በላይ ማነሱ መልካም ዜና ነውን? ቀድሞ ያ ጊዜ መዝገብ በመሙላት ያልፍ ከነበረ፣ ታካሚው ያጣው የብዕር ድምፅ ብቻ ነው። ከእርሱ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ የመጠየቅና የማዳመጥ ጊዜ ከነበረ ግን ኪሳራ ነው። አንዱን ከሌላው ቁጥሩ ብቻውን አይለየውም። ለሠራተኞቹ የተረፈው ጊዜም ወደ ታካሚው አለመመለሱ ልብ ሊባል ይገባል። የሕክምና መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ጊዜ ይቆጥባል የሚል ሁሉ፣ የተቆጠበው ጊዜ ለማን እንደተሰጠ የመናገር ግዴታ አለበት።

ሞሶሪዮት ላይ የተሠራው ነገር ብዙም ሳይቆይ ማንም ያላሰበው ሸክም ወደቀበት። በ2001 መጨረሻ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችና የኤልዶሬት ሆስፒታል አምፓዝ የተባለውን የኤችአይቪ ሕክምና መርሐ ግብር ጀመሩ። ኤችአይቪ እንደ ስኳር በሽታ ሁሉ ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል፤ መድኃኒቶቹ ይለወጣሉ፣ መመሪያዎቹ ይታደሳሉ፣ የታካሚው ቁጥር በየወሩ ያድጋል። በአክሰስ የተሠራው ሥርዓት ይህን አልቻለም። በእንደዚህ ያለ የመረጃ ቋት እያንዳንዱ ጥያቄ በሠንጠረዡ ላይ የራሱ ዓምድ አለው፤ ቅጹ ላይ አዲስ ጥያቄ ሲጨመር ሠንጠረዡንም ፕሮግራሙንም መለወጥ ያስፈልጋል።

ፖል ባዮንዲችና በርክ ማምሊን ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ኤልዶሬት ሄደው ችግሩን ያዩት በ2004 ነው። መፍትሔውን ያመጡት ከቤታቸው ነው። የኢንዲያናፖሊሱ ሥርዓት ለረጅም ጊዜ በአንድ መዝገበ ቃላት ላይ የቆመ ነበር፤ «የደም ግፊት»፣ «የሲዲ4 ብዛት» (የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ቁጥር) የሚሉት ጥያቄዎች ዓምድ ሳይሆኑ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያሉ መስመሮች ናቸው፤ አዲስ ጥያቄ ለመጨመር አዲስ መስመር መጻፍ ይበቃል፣ ፕሮግራሙ አይነካም። በዚያው ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ የሕክምና መረጃ ጉባኤ ከሃሚሽ ፍሬዘር ጋር ተገናኙ። ፍሬዘር በወቅቱ ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ የተባለው የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት ባልደረባ ሲሆኑ፣ በፔሩ ለሳንባ ነቀርሳ፣ በሄይቲ ለኤችአይቪ ታካሚዎች ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩ ነበር። ሁለቱ ወገኖች አንዱን ችግር ለየብቻ ከመፍታት አብረው መሥራትን መረጡ። ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው የሕክምና መዝገብ ሥርዓት፣ ኦፕን ኤምአርኤስ፣ ከዚህ ተወለደ። በፌብሩዋሪ 2006 በኤልዶሬት፣ በዚያው ዓመት በሩዋንዳ ርዊንክዋቩ ሥራ ላይ ዋለ፤ ደቡብ አፍሪካም ተከተለች። ኢትዮጵያም ውስጥ ከዚሁ ሥርዓት የተነሡ የታካሚ መዝገቦች በጤና ተቋማት ገብተዋል፤ የእኛ አገር ጉዞ ግን ከ2008ቱ የጤና መረጃ ማሻሻያ፣ በጤና ኬላ ካለው የቤተሰብ ማኅደር ጀምሮ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ኤልዶሬት ላይ ኦፕን ኤምአርኤስ ሲተከል ሐኪሞቹ ኮምፒውተር ፊት አልተቀመጡም። ቅጽ መሙላታቸውን ቀጠሉ፣ ጸሐፊዎችም ማስገባታቸውን። የጎደለው የዑደቱ መመለሻ ነበር፤ የገባው መረጃ ተጠቃሎ፣ ማሳሰቢያ ታክሎበት ለሐኪሙ መውጣት ነበረበት። ማርቲን ዌሬና ባልደረቦቻቸው ይህን በምዕራብ ኬንያ በሚገኙ ሁለት የኤችአይቪ ክሊኒኮች ፈትሸው በ2011 አሳተሙ። በአንደኛው ክሊኒክ ኮምፒውተሩ የታካሚውን ማጠቃለያ፣ የሲዲ4 ምርመራ ጊዜው ካለፈም ማሳሰቢያ ጨምሮ በወረቀት ያትማል፤ በሁለተኛው ይህ አልተደረገም። ምርመራው የዘገየባቸው 717 አጋጣሚዎች ተገኙ። ማሳሰቢያ በተመደበለት ክሊኒክ ሐኪሞቹ በ53 በመቶው ምርመራውን አዘዙ፤ በሌላው በ38 በመቶው። በ1976 ከተገኘው ጋር የአቅጣጫው መመሳሰል ግልጽ ነው።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ግን ሌላ ስሌት አለ። ማሳሰቢያ በተመደበለት ክሊኒክም ቢሆን ማጠቃለያው ለሁሉም ታካሚ አልታተመም። በእርግጥ ታትሞ የወጣላቸው ታካሚዎች ብቻ ተለይተው ሲቆጠሩ፣ ምርመራው የታዘዘው በ63 በመቶው ነው። በ53 እና በ63 መካከል ያለውን አሥር ነጥብ ከኮምፒውተሩ ብልኀት ወይም ከሐኪሞቹ እውቀት መፈለግ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ወረቀቱ ታትሞ፣ ታካሚው ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጠረጴዛ መድረስ አለመድረሱ ላይ ነው።